ሆርሞን የሌለው መከላከያ

ሰባት ወልዳ ወገቧ ለቋል። የወሊድ መከላከያ ኪኒኑ ራሷን ፈለጣት፤ መርፌው ደግሞ የወር አበባዋን ጭራሽ አጠፋባት። ባሏ ኮንዶም ይግዛ እንዳይባል ባለሱቁ የክርስትና ልጁ ነው፤ በምን ዓይኑ! መርፌውን ካቆመች ወዲህ ስምንተኛ ፈርተው አራት ዓመት ሙሉ ጀርባና ጀርባ ተኙ። ተዋደው የተጋቡ ሰዎች እንደ ተጣላ ጎረቤት መክረማቸው ቢያንገሸግሻት፣ ባሏን አስከትላ ጤና ጣቢያ ሄደች። እሱ ደጅ ቀረ።

«ሆርሞን የሌለው፣ ማህፀን ውስጥ የሚቀመጥ ሉፕ አለ ሲሉ ሰምቻለሁ። እሱን አስገቢልኝና ልረፍ» አለቻት ነርሷን።

«የወር አበባ መቼ ነው ያዩት፣ እናቴ?»

«መርፌያችሁ አድርቆት የለ! የት አይቼው!»

«ዕድሜዎስ?»

«ሃምሳ አራት።»

ነርሷ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። «መርፌውማ ከሰውነትዎ ከወጣ ቆየ፣ እናቴ። የወር አበባዎ የቀረው በዕድሜ ነው። ከእንግዲህ አይወልዱም፤ ምንም መከላከያ አያስፈልግዎትም።»

ሴትዮዋ ነጠላዋን አጣፍታ ወጣች።

ባሏ ከተቀመጠበት ድንጋይ ብድግ አለ። «ምን ሰጡሽ?»

«ምንም። ባልሽ አርጅቷል፣ መድኃኒት አያስፈልግሽም አሉኝ» አለችውና ክንዱን ያዘችው።