የእማማ አማከለች ባና

አርሴማ የሞላችው የቆጠራ ቅጽ እማማ አማከለች ስምንት በጎች ስላሏቸው ከእርዳታ እህል ዝርዝር ይውጡ ይል ነበር። እማማ አማከለች ደግሞ የእርዳታው ኃላፊ ፊት ቆመው፣ «አንዲቷም የእኔ አይደለችም። የመሐል ሜዳ ሰዎች በርቢ ሰጥተውኝ ነው የማረባላቸው» አሉ።

ኃላፊው የአርሴማን የተግባር ልምምድ ውጤት ሊሞላ ወረቀቱን ዘርግቶ ነበር። «የቆጠርሽው አንቺ ነሽ» አላት እየሳቀ። «ተሳስቻለሁ ካልሽ፣ እኔም ለዩኒቨርሲቲሽ ተሳስታለች ብዬ እጽፋለሁ።»

አርሴማ ልትመልሰው ያመጣችውን የበግ ጠጉር ባና ዳሰሰች። ለቆጠራ የሄደች ቀን እማማ አማከለች በብርድ ስትንቀጠቀጥ አይተው ከትከሻቸው አውርደው ያለበሷት ነው። ያን ቀን በጎቹ የማን እንደሆኑ አልጠየቀችም። ጎረቤቶቻቸውን የጠየቀችው ትናንት ነበር፤ እነሱም በጎቹ የሰው እንደሆኑ፣ ጠጉሩ ብቻ ለአርቢዋ እንደሚቀር ነገሯት።

«ንገሪው እንጂ፣ ልጄ» አሉ እማማ አማከለች።

አርሴማ ባናውን አንስታ ኃላፊው ጠረጴዛ ላይ አኖረችው።

«በግ ከሌላቸው ይህን ከምን ጠጉር አሠሩት?» አለች። «ቅጹ እንዳለ ይሂድ።»