የመጨረሻዋ ፎቶ

ልብስ ሰፊዋ ኤምአርአይ ማሽኑ ውስጥ ከተኛች ግማሽ ሰዓት አልፏታል። በእንቁላል ማምረቻዋ ላይ የበቀለው እብጠት ውኃ የቋጠረ ይሁን ሥጋ ያዘለ፣ ሐኪሟ ለይተው ማወቅ ስለፈለጉ ነው የላኳት። የማሽኑ ጣሪያ ከአፍንጫዋ አንድ ስንዝር አይርቅም። በእጇ፣ ሲጨንቃት እንድትጨምቀው የተሰጣት የጎማ ኳስ አለ። ውጭ የምትጠብቃት ታናሽ እህቷ፣ «እታለም፣ አንቺ እኮ ጨርቅ እየለካሽም ወሬ አታቋርጪም፤ ይህን ሁሉ ሰዓት ዝም ብለሽ ልትተኚ?» ብላ ስቃባት ነበር።

«እህቴ፣ የመጨረሻዋ ፎቶ ናት። ትንፋሽሽን ያዢ» አለ ባለሙያው በጆሮ ማዳመጫው።

ያዘች። ማሽኑ ሲደበድብ፣ ሲደበድብ ቆይቶ ጸጥ አለ። «ተንፍሺ» የሚላት ግን ጠፋ።

ይልቁንም አልጋው ተስቦ ሲወጣ የሚያሰማውን ድምፅ ሰማች። እሷ ግን ካለችበት ፈቀቅ አላለችም።

«በቃ፣ ጨረስን። ቀስ ብለሽ ተነሺ» አለ ባለሙያው።

«ተባረክ ወንድሜ» አለች አንዲት ሴት። ድምፁ የራሷ የልብስ ሰፊዋ ነበር።

ኳሱን ጨመቀች። ደግማ ጨመቀች። ማንም አልመጣም። ልትጮህ አፏን ከፈተች፤ የያዘችው ትንፋሽ ግን አልወጣ አላት።

በማዳመጫው በር ሲከፈት ተሰማት።

«እታለም፣ ወጣሽልኝ!» አለች እህቷ። «ደግሞ ፊትሽ እንዴት ፈክቷል! ሕመሙስ?»

«ለቀቀኝ» አለች ያቺ ሴት፣ በልብስ ሰፊዋ ድምፅ እየሳቀች። «እዚያው ውስጥ ትቼው ወጣሁ።»