የራስጌው ግድግዳ

መምህሩ የቤት ሲኒማ ሊያሠራ ነው ሲባል ሚስቱ መጀመሪያ ሳቀች። ዜና እንኳ ሳያልቅ የሚያንኮራፋ ሰው! ሳቋ የቆመው የትኛው ክፍል እንደሆነ ስትሰማ ነው። ከመኝታ ቤታቸው ጋር በአንድ ግድግዳ የሚዋሰነው፣ እሱ ማታ ማታ ፈተና የሚያርምበት ጠባብ ክፍል ነበር።

«ሳሎኑ ምን ሆነና?» አለችው።

«እዚያ ይሻላል» አለና የፈተና ወረቀቱን ታቅፎ ሄደ።

ቀኑን ሙሉ ተማሪ ፊት ሲለፈልፍ የሚውል ሰው፣ ማታ ምላሱን ደጃፍ ላይ ትቶ መግባት ከጀመረ ወራት አልፈዋል። ድሮ እንዲህ አልነበረም። ድሮ የተማሪዎቹን ጉድ እያስመሰለ ሲያወራላት በሳቅ ሆዷን ያማት ነበር።

እንደ ልማዷ አልጋው ላይ ጋደም ብላ ለታናሽ እህቷ ደወለች። ሁለቱ ሳይደዋወሉ የሚያድሩበት ቀን የለም፤ የጎረቤቱም የባሉም ነገር በዚያች ስልክ ይበጠራል።

«ሲኒማ አልኩሽ! ከተጋባን አንድ ፊልም ጨርሶ አያውቅም እኮ።»

«ሴት ይዟል» አለች እህቷ ፈርጠም ብላ። «እዚያ ገብቶ ሲያወራት እንዳትሰሚው ነው።»

«ማ፣ እሱ? እሱን ደግሞ የትኛዋ ዕድለ ቢስ ታነሳዋለች?»

ተንከተከቱ። ከግድግዳው ማዶ ወንበር ሲጎተት ተሰማት። እርማቱን ጨርሶ ሊተኛ ነው።

«ድንዙ መጣልሽ፣ ልዝጋው» አለቻት ለእህቷ።

ስልኩን ብትዘጋውም የእህቷ ነገር ግን ከሆዷ አልወጣም።

የድምፅ ባለሙያው ሥራውን የጀመረው በማጨብጨብ ነው። ጥግ ለጥግ እየዞረ እጁን ያጨበጭብና ድምፁ እንዴት እንደሚመለስ ያዳምጣል። ሁለት ስፒከር ከፊት በጆሮ ልክ፣ ሁለት ደግሞ ከኋላ ሰቀለ።

«ተለቅ ያለ ቢገዙ ክፍሉን ያንቀጠቅጥልዎ ነበር።»

«ትንሹ ይበቃል» አለ መምህሩ። «አደራህን፣ ዋናው ግድግዳው ነው።»

«በመንገዱ በኩልም ስፖንጅ ላልብሰው? የመኪናው ጩኸት አያስቀምጥዎትም።»

«መኪናው ግዴለም። በመኝታ ቤቱ በኩል ብቻ።»

ሚስቱ ኮሪደሩ ላይ ሆና ይህን ሰማች። ማታ ለእህቷ «አንድ የሴት ድምፅ ልስማ፣ በዚያው ቀን ሻንጣዬን ይዤ እወጣለሁ» አለቻት። ደረቅ፣ ጨዋታ የማያውቅ እያለች ስታማው የኖረችው ሰው፣ እንደ ድሮው እያስመሰለ ሌላ ሴት ሲያስቅ ታያትና እንባዋ መጣ።

አንድ ቀን ከሰዓት ከገበያ ስትመለስ ባለሙያውን መኝታ ቤቷ ውስጥ አገኘችው። በእሷ ትራስ በኩል ጎንበስ ብሎ ለብቻው ያጉተመትማል። ሲያያት ክው አለ።

«ሙከራ ነው፣ እትዬ።»

ባሏ ከወዲያኛው ክፍል ወጣ። «አሁንም ይሰማል» አለ። «አንድ ድርብ ጨምርበት።»

ምን እንዳይሰማ እንደሚፈልግ ለእሷ ግልጽ ነበር።

ሥራው ያለቀ ዕለት መምህሩ ገብቶ ዳሩ በጎማ የታሸገውን በር ዘጋ። እሷ የራስጌው ግድግዳ ላይ ጆሮዋን ለጠፈች። ምንም የለም። ባለሙያው ኮሪደሩ ላይ ገመዱን ሲጠቀልል አግኝታ እጁን ያዘችው።

«ወንድሜ፣ በልጆችህ ይዤሃለሁ። ማናት?»

«ማን፣ እትዬ?»

«አታሞኘኝ። እዚያ ተዘግቶ የሚያወራት ሴትዮ!»

«ኧረ እሳቸው አንድ ቃል አይናገሩም። ስፒከሩንም አልከፈቱት። አሁን ገመዴን ላወጣ ስገባ ዓይናቸውን ጨፍነው ቁጭ ብለዋል።»

«ታዲያ ያን ዕለት አልጋዬ አጠገብ የምታጉተመትመው ምን ነበር? ስሟን ነው?»

«ስም አይደለም። እዚያ ሆነህ፣ ድምፅህን ሳታጎላ ይህን ደጋግመህ በል ያሉኝን ነው።»

«ምን በል አለህ?»

ባለሙያው የጠቀለለውን ገመድ ፈታና እንደገና መጠቅለል ጀመረ። ቀና ብሎ አላያትም።

«‹ድንዙ መጣልሽ፣ ልዝጋው› በል አሉኝ።»