በወይራው መካከል የታረደው በግ

ሠዓሊው ከሮም ወደ ቲቮሊ የመጣው በወይን ለቀማ ሰሞን ነበር። ከወይራ እርሻችን ውስጥ ሸራውን ተክሎ ፏፏቴውን፣ ኮረብታውንና የፈረሰውን የጣዖት ቤት ሲስል ሰነበተ። በኋላ ግን "ሥዕሉ ሰው ጎደለው" አለና በእርሻችን ባለው አሮጌ የድንጋይ መሠዊያ ላይ እንደ ጥንቱ መሥዋዕት እንዲሠዋለት ፈለገ። ደሙን በዓይኑ ካላየ አይስልም።

የባሌን ታላቅ ወንድም ሜኒኮን ነጭ አንሶላ አልብሶ ካህን አደረገው። ባሌ ናርዶ አጎንብሶ ለመሥዋዕት ያመጣነውን አውራ በግ ቀንዱን ያዘ።

"ለፋሲካ እንኳ ቤተ ክርስቲያን የማትስም ሰውዬ፣ ዛሬ ካህን ሆነህ አረፍከው?" አለው።

"ዝም ብለህ ያዝ፤ ጸሎቴን አታበላሽብኝ!"

ሁላችንም ሳቅን። ሜኒኮ ቢላውን በበጉ ጉሮሮ ላይ አሳርፎ አንዴ ሳበው። ስለቱ ሲገባ በዓይኔ አይቻለሁ። ደሙ ድንጋዩን አልብሶ ወደ ሣሩ ወረደ።

በጉ ግን ተወራጭቶ ከናርዶ እጅ አመለጠና ከመሠዊያው ዘሎ ወረደ። ራሱን አራግፎ ሣር መጋጥ ጀመረ። ሮጬ አንገቱን ዳሰስኩት፤ ጭረት እንኳ የለበትም።

"ሳትኩት እንዴ?" አለ ሜኒኮ፣ ቢላውን እያገላበጠ።

ደሙ ግን በድንጋዩ ላይ መፍሰሱን አላቆመም። ናርዶ እንዳጎነበሰ ነው። ቀና ሊል ሞክሮ አቃተው።

"ፕራሴዴ" አለኝ፣ ድምፁ እንደ ፈላ ውሃ እየተንተከተከ፤ "ደረቴን ምን አራሰው?"

ወደ እሱ ስሮጥ ሠዓሊው ብሩሹን አወዛወዘብኝ።

"ሴትዮ፣ አትከልይኝ" አለ። "ቀዩን ገና አልጨረስኩም።"