ፊቱን ወደ ፊንፊኔ

ሐሰን የስልኩን ኮምፓስ ከፍቶ አንድ ዓይኑን ጨፈነና እንጨቱን ከእንጦጦ ጋር አስተካክሎ አየ። ከሱሉልታ ሲታይ ደቡብ እዚያ ነው።

«ትንሽ ወደ ቀኝ! አሁን ያዢው!»

ዱርሲቱ ባቄላዋ መሀል የተከለችው እንጨት ላይ መሰላል አስደግፋ ወጥታለች። ነጩን የአየር ሁኔታ መለኪያ ወደ ቀኝ አዞረችና መፍቻውን ከጥርሷ አወጣች። ጣራና ባሕር ዛፍ ካልራቀው በትክክል አይለካም ሲላት ማሳዋን ያሳየችው እሷ ናት።

ዕቃውን መርካቶ የመረጠው ግን ሐሰን ነው። ሻጩ በስልክ የሚታይ የሚያምር ሌላ አቅርቦለት ነበር፤ ያ ያለ ኢንተርኔት አይሠራም፣ ኢንተርኔቱ ደግሞ ሰሞኑን ሱሉልታን ረስቷታል። ይኼኛው ቤት የሚቀመጥ ሰሌዳ አለው፤ ብርዱ ወደ ዜሮ ሲጠጋ ጎረቤት የሚቀሰቅስ ጩኸት ይጮኻል። አምና ውርጭ የዱርሲቱን ባቄላ ባንድ ሌሊት አጥቁሮት አደረ። ዘንድሮ ከደገማት የምትበላውም የምትዘራውም የላትም። ጩኸቱን ሰምታ ከተነሣች ግን ገለባ አጭሳ ታተርፈዋለች። አከራዩ ናት፤ ባሏ ከሞተ ወዲህ ማሳውን ብቻዋን ይዛ ስትታገል እያየ ዝም ማለት አልሆነለትም።

የሟቹ ታላቅ ወንድም ኦቦ ቢቂላ ጎረቤቶች አስከትለው በአጥሩ በኩል ገቡ። ዱላ የያዘም ድንጋይ የያዘም አለ። «አካም ጅርቱ» ብለው ሰላምታ ሳይሰጡ የሚናገሩ ሰው አልነበሩም፤ ዛሬ አላሉም።

«ዱርሲቱ፣ የወንድሜን መሬት ማን ነው የሚለካው?»

ሐሰን ክው አለ። አዲስ አበባን ወደ ገበሬው መሬት ያሰፋል በተባለው ማስተር ፕላን የተነሣ መንገዱ ሁሉ በድንጋይ በተዘጋበት በዚህ ኅዳር፣ ማሳ መሀል እንጨት አስተክሎ ባንድ ዓይን ማነጣጠር! ምን ነክቶት ነው ቀድሞ ያላሰበው?

«ማንም አይለካውም፤» አለች ዱርሲቱ ከላይ። «ውርጭ ሲመጣ የሚናገር ዕቃ ነው።»

«ታዲያ ፊቱን ወደ ፊንፊኔ ምን አዞረው?» አሉ ኦቦ ቢቂላ።

«መመሪያው ነው፣» ብሎ ሐሰን ጣልቃ ገባ፣ «ይኼ ጥቁር ፊቱ ደቡብን ካላየ...»

«ደቡብ ሲሉት ፊንፊኔ መሆኑ ቀረ?» አለ ዘርሁን የሚባለው ጎረምሳ። ድንጋዩን እንደያዘ በሌላ እጁ እንጨቱን ጨብጦ ነቀነቀው። መሰላሉ ተንቀጠቀጠ።

«እኔ እዚህ ላይ ነኝ እኮ ዘርሁን፤ ልትጥለኝ ነው?»

ዘርሁን አፍሮ ለቀቀው። ትወርዳለች ሲባል አልወረደችም።

«ሐሰን፣ ባዞረውስ ምን ይሆናል?»

«የነፋሱን አቅጣጫ ይዋሻል። ከእንጦጦ ሲነፍስ ከሰሜን ነው ይልሻል።»

«ውርጩንስ?»

«ውርጩን አይዋሽም።»

«እንግዲያ ነፋሱን ይዋሽ። የነፋሱን የራሴ ፊት ይነግረኛል።»

ብሎኑን አላላችና ዕቃውን ገልብጣ አዞረችው። ጥቁሩ ፊት እንጦጦን ትቶ ማዶ ያለውን የኦቦ ቢቂላን ጎጆ አየ።

«ይኸው ኦቦ፣ ፊቱ ወደ አንቱ ቤት ነው። ሲጮኽ እኔም አንቱን እጣራለሁ። አምና የጠቆረው የኔ ባቄላ ብቻ አልነበረም።»

ሐሰን ቀና ብሎ አያት። እሱ ምድር ላይ ቆሞ የሚያወራው ስለ መመሪያ ነበር፤ እሷ በሚነቀነቅ መሰላል ላይ ሆና አልተሳደበች፣ አላለቀሰች፣ ሁሉንም የውርጩ ተቃዋሚ አደረገቻቸው። እንዲህ ያለ ሰው አይቶ አያውቅም።

ኦቦ ቢቂላ ዞረው የራሳቸውን ባቄላ አዩ፤ ገና እሸት ነው።

«ዘርሁን፣» አሉ፣ «መሰላሉን ያዝላት። በሁለት እጅህ።»

ድንጋዩን ከእጁ ተቀበሉት፤ ጎንበስ ብለውም እንጨቱ ሥር አስቀመጡት።

«የኔ ጆሮ ከብዷል፤» አሉ ቀና ብለው፣ «ብትጣሪ አልሰማሽም። መስኮቴን በዚህ ድንጋይ ምቺው።»