የመሪጌታ የፊት ጥርስ

«ይነቀላል» አለች የወረዳው ሆስፒታል የጥርስ ባለሙያ ማስተዋል፣ የመሪጌታ ሐብተ ማርያምን የላይኛ ከንፈር በጓንቷ ገፋ አድርጋ እያየች።

«የቱ?» አለች ባለቤታቸው ወለላ።

«የፊቱ ነዋ፣ እናቴ። ያመረቀዘው እሱ ነው።»

የፊት ጥርስ! የሌላ ሰው ቢሆን እንኳ እሺ። መሪጌታ ግን የዜማ መምህር ናቸው። ተማሪ ዜማን የሚቀበለው ከመምህሩ አፍ ነው፣ እንደ ወረደ። የእሳቸው አፍ አየር ካፈሰሰ ልጆቹ ፉጨቱንም ዜማ ነው ብለው ይይዙታል፤ ነገ መምህር ሲሆኑም ያንኑ ያስተምራሉ። ወለላ ጥርሱን በጣቷ ጠቆመች።

«ደህና ጥርስ እኮ ነው። እስቲ ነክተሽ እይው፣ ይነቃነቃል?»

«አይነቃነቅም። የተመረዘው ሥሩ ነው። ሥሩ ታጥቦ ቢሞላ ዕድሜ ልካቸውን ያገለግላቸው ነበር።»

«ታዲያ አጥበሽ ሙይዋ!»

«እኔ የምነቅል እንጅ የምሞላ አይደለሁም፣ እናቴ። እሱ የስፔሻሊስት ሥራ ነው። ስፔሻሊስቱ ያለው ጎንደር ነው፤ ወረፋው ደግሞ ለከርሞ ነው። እብጠቱ እስከዚያ አይጠብቅም፣ ወደ ዓይናቸው ይወጣል። እዚያው ጎንደር፣ ፒያሳ፣ የግል ክሊኒክ ቢሄዱ ግን ዛሬውኑ ይሠሩላቸዋል።»

«በምናችን?»

ማስተዋል ጓንቷን ጎተት ጎተት አደረገች።

«አሃ! ያለው ሰው ጥርሱ ይታከምለታል፣ የእኛ ይነቀላል። እንዲያ በይኛ!»

መሪጌታ መስኮቱ ሥር ካለች ተራ የእንጨት ወንበር ላይ ተቀምጠው፣ ጉንጫቸውን በመዳፋቸው ደግፈው፣ ገርበብ ባለው የጎን በር በኩል ወደሚቀጥለው ክፍል ያያሉ። ወለላም ዓይናቸውን ተከትላ አየች።

ሰማያዊ የጥርስ ማከሚያ ወንበር፣ ከነፕላስቲኩ። ከላዩ ትልቅ መብራት አጎንብሶበታል። ከመደገፊያው ላይ የቀይ ሪባን ቁራጭ ተንጠልጥላለች።

ኧረ እንዴት አታውቀው! ካቻምና ይህ ክፍል ሲመረቅ መሪጌታ ተጠርተው፣ ጸናጽል ካስያዟቸው ተማሪዎቻቸው ጋር ወረብ ያቀረቡት እዚሁ ግቢ ነበር። ሊመርቅ የመጣው ባለሥልጣን ሪባኑን ሲቆርጥ ወለላ ጉሮሮዋ እስኪነቃ እልል ብላለች። ከዛሬ ጀምሮ ለጥርስ ብሎ ጎንደር መንከራተት ቀረ ተብሎ ነበር፤ በድምፅ ማጉያ፣ አገር እየሰማ።

«ያን ወንበር ምነው ፕላስቲኩን እንኳ አልገፈፋችሁለትም?»

«የሚያሠራው ሞተር አብሮ አልመጣም። ግዥ ላይ ነው።»

«ከካቻምና ጀምሮ?»

«ሁሌም ግዥ ላይ ነው ይሉኛል። የተመደበው ስፔሻሊስትም በባዶ እጄ ምን ልሥራ ብሎ ተዛወረ።» ማስተዋል ጉጠቷን አንስታ አሳየቻት። «እኔስ ደስ ብሎኝ ይመስልዎታል? በየቀኑ መዳን የሚችል ጥርስ ስነቅል ነው የምውለው።»

«ምነው ታዲያ የሪባኑ መቀስ ግዥ ላይ አልሆነ? ለእንግዶቹ የታረደው ሰንጋ ምነው ግዥ ላይ አልሆነ? እሱ እኮ በሰዓቱ ደርሷል!»

«ተይ፣ ወለላ» አሉ መሪጌታ። አፋቸውን ሲከፍቱ ሕመሙ ግንባራቸውን አጨማደደው። «በዚህ አፌ መርቄው ነበር» አሉና ወንበሩን ትንሽ አዩት። ከዚያ ወደ ማስተዋል ዞሩ። «በይ ንቀይው፣ ልጄ።»

መሪጌታ ማደንዘዣ ተወጉ። ወለላ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች፤ ጉጠቱ ቀጭ ሲል ግን ጆሮዋ ሰማ። ስትዞር ጥርሱ ጉጠቱ ላይ ነበር፤ እንደ ተላጠ ነጭ ሽንኩርት የነጣ፣ ጫፉ ብቻ ደም የነካው። ማስተዋል ወደ ቆሻሻ መጣያው ስትዘረጋው ወለላ እጇን ያዘቻት።

«ስጭኝ።»

በፋሻ ጠቅልላ ያዘችውና የጎን በሩን ገፍታ ገባች። ከወንበሩ ጋር የተያያዘችው የዕቃ ማስቀመጫ ዝርግ ሳህን አቧራ ለብሳለች። ወለላ ፋሻውን ፈትታ ጥርሱን መሐሏ ላይ አስቀመጠችው።

ከጀርባዋ ማስተዋል «ጥጡን ነክሰው ይቆዩ እንጅ!» ስትል ሰማች። መሪጌታ አልቆዩም። በቀስታ፣ ለራሳቸው ያህል፣ «ቅዱስ» አሉ። መጨረሻው ላይ ትንፋሻቸው ሾልኮ ፏጨ። ደገሙት። አሁንም ፏጨ። ከዚያ ጥጡን መልሰው ነከሱት።

የዚያ ክፍል ሌላኛው በር ወደ ኮሪደሩ ነው። ወለላ መቀርቀሪያውን ስባ ወለል አድርጋ ከፈተችው። ጉንጫቸውን ይዘው ተራ የሚጠብቁት ሁሉ ቀና አሉ።

«ኑ፣ እዩት» አለቻቸው። «እልል ያልንለት ወንበር ይኸውላችሁ።»

ከወረፋው መሐል አንዲት አሮጊት፣ ጉንጫቸውን እንደ ያዙ፣ ብድግ ብለው ወደ በሩ አመሩ።