ዳኛው ሳያልፍ እንዳታለቅሱ!

«እስኪያልፍ ድረስ ማንም ትንፍሽ እንዳይል! የሚያለቅስ ሰው ካለ... ከእኔ ጋር ተጣላን!»

ይህን የሚለው አላምረው ነው።

እቤት ውስጥ የተጋደመችው የገዛ እህቱ ናት... ባንቺአየሁ። ጎህ ሲቀድ ነው ያረፈችው።

ለቀስተኛው ግራ ገባው። ሞት ቤት ገብቶ እንዴት ዝም ይባላል?

ነገሩ እንዲህ ነው ወገኖቼ...

ዘመኑ የጃንሆይ ነው። ቦታው ከጎንደር ወደ አዘዞ በሚወስደው መንገድ ዳር ያለች መንደር።

ዳኛው የሚባለው ወጣት ለባንቺአየሁ አንድ ልጇ ነው። አባቱ ገና በሕፃንነቱ ሞቷል። ቀን ቀን ለግንበኞች ድንጋይ ይሸከማል፤ ማለዳ ማለዳ ይሮጣል።

መንደሩ ይስቅበታል። «ምነው ዳኛው፣ ማን እያሳደደህ ነው?»

እናቱ ግን በራፏ ላይ ቆማ ትጠብቀውና «ኧረ ፍጠን! እኔ እሻልሃለሁ!» እያለች ታበሽቀዋለች። እሱም እየሳቀ ይፈጥናል።

የዚያን ቀን ከጎንደር ፒያሳ ተነስቶ፣ አዘዞ ደርሶ የሚመለስ ውድድር አለ። ሃያ አንድ ኪሎ ሜትር... ዛሬ ግማሽ ማራቶን የምንለው።

ከአንድ እስከ ሦስት የወጣ የአዘዞው ጦር ሰፈር የሩጫ ቡድን ውስጥ በደመወዝ ይቀጠራል። ዕድሜው ከሃያ አምስት ያለፈ ግን አይመዘገብም።

ዳኛው ሁለት ጊዜ ሞክሮ አልተሳካለትም። ዘንድሮ ሃያ አምስት ሞላው።

ዛሬ ካመለጠው አበቃ... ዕድሜ ልኩን ድንጋይ!

ትናንት ማታ ከተማ ጓደኛው ዘንድ ነው ያደረው። እናቱ መሞቷን አያውቅም። ሩጫው ደግሞ የሚያልፈው በራፏ ላይ ነው... ሲሄድም፣ ሲመለስም።

ለቅሶ ከሰማ ይቆማል። እናቱ ሞታ የሚሮጥ ልጅ ማን አለ?

አላምረው ቄሱ እግር ላይ ወደቀ።

«አባ ወልደ ገብርኤል፣ በእመቤታችን ይዤዎታለሁ... የመርዶውን ደወል ያቆዩልኝ!»

«ምን ነካህ አላምረው? እህትህ እኮ ናት!»

«ለልጇ ስል ነው አባቴ! ሌላ ዕድል የለውም!»

አባም እሺ አሉት።

አላምረው ሴቶቹን መንገድ ዳር አሰለፋቸው። «ሲመጣ አጨብጭቡ። እልል በሉ።»

አስቡት እስቲ! አስከሬን ከጀርባቸው ተጋድሞ... እልል!

ሯጮቹ ብቅ አሉ። ዳኛው አምስተኛ ነው።

«አያ! እማዬስ?»

«ትንሽ አሟት ተኝታለች! አንተ ሩጥ!»

ከሴቶቹ አንዷ፣ እመት እንኳየሁ፣ እልል ልትል አፏን ከፈተች... ድምፅ እምቢ አላት። አላምረው በዓይኑ ተቆጣት። የእያንዳንዷን አፍ አንድ በአንድ ይጠብቅ ነበር።

ዳኛው ሴቶቹን አያቸው። እግሩ ትንሽ ተሳሰረ...



ልጁ ግን ሮጠ።

ሲመለስ አራተኛ ነበር። ዳገቱ ገና ይጠብቀዋል። በእናቱ በራፍ ሲያልፍ አንገቱን እንኳ አላዞረም።

«ተመስገን፣ አላወቀም!» አለ አላምረው። ግን ደግሞ ከፋው... ያችን ሴት ዞር ብሎ ሳያያት?

የደከሙ ሯጮችን የምትለቅመውን ማኪና ለምኖ ተሳፈረ። መንገዱን ሁሉ የሚናገረውን ቃል ሲያዘጋጅ ሄደ።

ፒያሳ ሲደርስ ዳኛው መሬት ላይ ተቀምጧል።

ሦስተኛ ወጥቷል!

አላምረው አጠገቡ ቁጭ አለ። «ዳኛው... ልጄ... እናትህን እኮ ትንሽ ጠንከር አርጎ አሟት...»

«አያ... ቀበራችኋት?»

አላምረው ክንዱን ያዘው። «ማን... ማን ነገረህ?»

«ማንም።»

«ታዲያ?»

«ሴቶቹ ሁሉ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ነበር አያ። እያጨበጨቡልኝ... በሐዘን ልብስ።»

ወይ አላምረው! አፋቸውን ሲጠብቅ ልብሳቸውን ረሳው።

«ታዲያ አውቀህ... ምነው ሳትቆም?»

«ያ ሁሉ ሰው ለእኔ ብሎ እንባውን ውጦ ቆሟል። ምን ብዬ ልቁም? ምን ብዬ ከንቱ ላድርገው?»

ከዚያ ወደ መጣበት መንገድ ተመለከተ።

«ግን አያ... በራፏ ላይ ሁለት ጊዜ አለፍኩ። ሁለት ጊዜ! አንዴ እንኳ ሳልገባ...»

ያን ጊዜ አለቀሰ። አላምረውም ከንጋት ጀምሮ የያዘው እንባ ፈነዳበት፤ ሁለቱ ሰዎች አደባባይ ላይ ተቃቅፈው እንደ ሕፃን አነቡ።

«አልቀበርናትም። አንተን እየጠበቅን ነው» አለው አላምረው።

ዳኛው ብድግ አለ። ማኪናዋ እስክትነሳ አልጠበቀም። በዚያው በደከመ እግሩ ቁልቁለቱን ወደ እናቱ መሮጥ ጀመረ።

የውድድሩ ጸሐፊ ከኋላው ጮኸ። «ኧረ ሦስተኛው! ለቅጥሩ ስምህን አስመዝግብ እንጂ!»

አላምረው እንባውን በጋቢው ጠረገና ቀረበ።

«ዳኛው ነው ስሙ።»

«ዳኛው ማን?»

«የባንቺአየሁ ልጅ ብለህ ጻፍ።»

«ሰውዬ፣ የአባቱን ስም ነው የጠየቅሁህ።»

«አውቃለሁ ጌታዬ... ዛሬ ግን እንዲያ ብለህ ጻፍልኝ።»

...

እውነቱን ልንገራችሁ፣ አላምረውን ለመውቀስ አፌ አልታዘዝ አለኝ። የገዛ እህቱን ለቅሶ የከለከለው ለፍቅር ብሎ ነው።

ግን አንድ ነገር ተምሬበታለሁ። ሰውን ከሐዘን እናድነው ብለን ስንደብቀው፣ አናድነውም... ብቻውን እንዲሸከመው ነው የምናደርገው። ዳኛው ያን ሁሉ መንገድ መርዶውን ብቻውን ተሸክሞ ሮጧል።

እስቲ እናንተ ፍረዱ...

በአላምረው ቦታ ብትሆኑ ከሩጫው በፊት ትነግሩት ነበር ወይስ ትደብቁት ነበር? በዳኛው ቦታ ብትሆኑስ... በዚያ በራፍ ላይ ማለፍ ትችሉ ነበር?

በኮሜንት ጻፉልኝ። እናቱ በሕይወት ያለችለት ደግሞ መጀመሪያ ይደውልላት፣ ከዚያ ይጻፍልኝ። 🙏